አንድ ቀን፣ አንድ ቦታ፦ የ2019 ካላንደር የሥራ ሂደት ማስታወሻ

ሰኞ፣ ኅዳር 8 ቀን 2018 ዓ.ም.

ዛሬ የሚቀጥለውን ዓመት ካላንደር ጀመርን። ሌላ ጊዜ ቢሆን እስከ ግንቦት አንነካውም ነበር። የካላንደር ትእዛዝ የሚጎርፈው ክረምት ከገባ በኋላ ነው፤ ነሐሴ ላይ ማተሚያ ቤት ተራ ለማግኘት ደጅ ይጠናል። ዘንድሮ ቀድመን የተነሣነው ግን ለማተም ሳይሆን አሠራራችንን ከሥሩ ለመቀየር ነው።

ቢሯችን ፒያሳ ነው፤ ከአራዳ ጊዮርጊስ ብዙም ሳይርቅ፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ሁለት ክፍል። በየዓመቱ አንድ የዘመን መቁጠሪያ አዘጋጅተን በአራት መልክ እናወጣዋለን፦ የግድግዳ፣ የጠረጴዛ፣ የኪስ እና አጀንዳ። ከአምና ወዲህ ደግሞ የዕለቱን በዓልና ጾም ጠዋት ጠዋት በቴሌግራም እንልካለን። መረጃው አንድ ሆኖ ሳለ እኛ አምስት ጊዜ እንጽፈዋለን። እያንዳንዱ ፋይል የሚሠራው ያምናው ተቀድቶ፣ ቀኑ እየተገፋ ነው።

የ2016ቱን ነገር እዚህ ላይ ልጻፈው፤ የዚህ ሁሉ መነሻ እሱ ነውና። 2015 ዘመነ ሉቃስ ስለነበር ጳጉሜን 6 ቀን ሆነች። ጳጉሜን 6 ከሆነች በኋላ በሚገባው ዓመት፣ ማለትም በዘመነ ዮሐንስ፣ ገና የሚውለው ታኅሣሥ 28 ነው እንጂ 29 አይደለም። አራሚያችን ይህን የግድግዳው ፕሩፍ (የእርማት ሕትመት) ላይ አይቶ በቀይ እስክሪብቶ አስተካከለ። የጠረጴዛው ፋይል ግን ከግድግዳው የተቀዳው እርማቱ ከመግባቱ በፊት ነበር። 600 ቅጂ ገና ታኅሣሥ 29 ላይ ተጽፎበት ወጣ። ስቲከር አሳትመን ሦስት ሌሊት ቁጭ ብለን አንድ በአንድ ለጠፍን። ደንበኛው ለሠራተኞቹ ቀድሞ ያደለውን ግን መሰብሰብ አልተቻለም። ሰው ግድግዳው ላይ የሰቀለውን ካላንደር አምኖ ነው ጾም የሚገባው፣ አምኖ ነው ለበዓል አገር ቤት የሚሄደው። ያንን እምነት ማጉደላችን እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ስለዚህ የዘንድሮው ዓላማ ይህ ነው፦ እያንዳንዱ ቀን በአንድ ቦታ ብቻ ይጻፋል። ግድግዳውም ኪሱም ቴሌግራሙም ከዚያ ይወስዳሉ። እርማትም እዚያው አንድ ቦታ ይገባል፤ ሌላ ቦታ ማንም አይነካም።

ሐሙስ፣ ኅዳር 11

ያለንን መቁጠር። ከ2009 እስከ 2018 ያሉትን ፋይሎች በሙሉ አንድ ኮምፒዩተር ላይ ሰብስበን ከፈትን። ቀኖቹን ብቻ ሳይሆን በየወሩ ግርጌ የምናስገባቸውን ተረትና ምሳሌዎች፣ በአጀንዳው ውስጥ ያሉትን አጫጭር ጽሑፎች፣ ፎቶዎቹንም ጭምር።

መጀመሪያ ያየነው የአጻጻፍ ልዩነት ነው። አንዱን ወር በአራት ዓይነት ጽፈነዋል፦ ኅዳር፣ ህዳር፣ ሕዳር፣ ኀዳር። ሥላሴ በሠ አለ፣ በሰ አለ። ትንሣኤም እንደዚያው። ሲነበብ ሁሉም አንድ ነው፤ አንባቢም አይደናገርም። ለኮምፒዩተር ግን አራት የተለያዩ ቃላት ናቸው። «ህዳር» ብለን ፈልገን ያረምነው ስህተት «ኅዳር» ተብሎ በተጻፈበት ፋይል ሳይነካ ይቀራል። ብዙ የቆዩ ስህተቶቻችን የተደበቁት እዚያ ውስጥ ነበር።

የደረስንበት ውሳኔ፦ በዓላቱ እርስ በርስ የሚጠሩት በስም ሳይሆን በቁጥር ይሆናል። ለእያንዳንዱ በዓል አንድ መለያ ቁጥር እንሰጠዋለን፤ ቁጥሩ ምንም ትርጉም የለውም፣ አይለወጥም። ስሙ አንድ ቦታ ብቻ ይጻፋል። ነገ «ሥላሴ በሠ ይጻፍ» ብንል አንድ ፊደል ቀይረን ሁሉም ቦታ ይቀየራል።

ረቡዕ፣ ኅዳር 17

ከ2009 እስከ 2011 የሠራናቸው ፋይሎች በዩኒኮድ፣ ለእያንዳንዱ ፊደል የራሱን ኮድ በሚሰጠው ዓለም አቀፍ ሥርዓት፣ አልተጻፉም። የሦስት ዓመት ጽሑፍ ነው፤ ከውስጡ ለአጀንዳው የጻፍናቸው ስለ ወራት ጠባይ፣ ስለ ክረምትና በጋ፣ ስለ ዘመን አቆጣጠር የሚናገሩ ጥሩ ጥሩ ጽሑፎች አሉ። እንደገና በእጅ መተየብ አልፈለግሁም።

አንዱን ገጽ ቀድቼ ተራ ጽሑፍ መጻፊያ ላይ ስለጥፈው የወጣው የላቲን ፊደልና ምልክት ድብልቅ ነበር። ምክንያቱ ይታወቃል። የድሮዎቹ የግዕዝ ፎንቶች ፊደላችንን ያስቀመጡት በላቲን ፊደላት ቦታ ላይ ነው። ኮምፒዩተሩ የሚያውቀው የላቲን ፊደል መሆኑን ነው፤ «ሀ» አስመስሎ የሚያሳየው ፎንቱ ነው። ከዚያም ላይ አንድ ፎንት የሚይዘው ቢበዛ 256 ቦታ ነበር፤ የእኛ ፊደል ከነዲቃላው፣ ከነሥርዓተ ነጥቡና ከነቁጥሩ ከዚያ ያልፋል። ስለዚህ አንዳንዱ ፎንት ፊደሉን ለሁለትና ለሦስት ከፈለው፤ አንዳንዱ ደግሞ ፊደሉን ከአካልና ከቅጥያ ገጣጠመው። ዩኒኮድ በ1999 እ.ኤ.አ. ባወጣው 3.0 እትም ለኢትዮጵያ ፊደል የራሱን ቦታ እስኪሰጥ ድረስ ነገሩ እንደዚህ ነበር፤ ከዚያም በኋላ ሕትመት ቤቱ በለመደው ቀጠለ።

ሁለት ቀን የፈጀብኝ ነገር ይህ ነው፦ ፊደሉ ለሁለት ፎንት ስለተከፈለ አንዱ ኮድ በአንደኛው ፎንት አንድ ፊደል፣ በሁለተኛው ፎንት ሌላ ፊደል ነው። ጽሑፉን ብቻ ከቀዳሁ የፎንቱ ስም ይጠፋል፤ የፎንቱ ስም ከጠፋ ደግሞ የትኛው ፊደል እንደነበር ማወቂያ የለም። መጀመሪያ የለወጥኩት ገጽ ላይ በየሦስት በየአራት ቃሉ አንድ የተሳሳተ ፊደል እየገባ ያስቸገረኝ ለዚህ ነበር። ዛሬ ፋይሉን ከነፎንቱ መረጃ በአርቲኤፍ አስወጣሁት፤ ከዚያ እያንዳንዱን ቁራጭ ከፎንቱ ስም ጋር አንብቤ በሠንጠረዥ ወደ ዩኒኮድ መለስኩት። ሠንጠረዡን የሠራሁት በእጅ ነው፤ ፊደል ገበታውን ከሀ እስከ ፐ በሁለቱም ፎንት አትሜ፣ ከጎኑ ኮዱን በእርሳስ እየጻፍኩ። ማታ ላይ የ2010 አጀንዳ መግቢያ አንድም ፊደል ሳይሳሳት ወጣ። ዲዛይነራችንን ጠርቼ አስነበብኳት። ድምፅ አውጥታ እስከ መጨረሻው አነበበችው።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 23

መዝገቡን በምን እንያዘው የሚለው ላይ ዛሬ ተከራከርን። ዲዛይነራችን፣ «ጋሼ፣ ኤክሴል አይበቃም? ሁላችንም እናውቀዋለን» አለች። ያለችው ልክ ነው፤ ሰው የማያውቀው መሣሪያ ላይ የተቀመጠ መረጃ ባለቤት አይኖረውም። እሺ ብዬ ሞከርነው። ለማሳጠር ኅዳር 12ን «3/12» ብላ ስትጽፈው ኤክሴል በራሱ ወደ ፈረንጅ ቀን ቀየረው። ጳጉሜን 5ን «13/5» ብላ ስትጽፈው ደግሞ አንዱን ቦታ ቀን አደረገው፣ ሌላው ቦታ ጽሑፍ ሆኖ ቀረ። አሥራ ሦስተኛ ወር መኖሩን የሚያውቅ ነገር አይደለም። ቀንና ወርን በየራሳቸው ዓምድ ብንለያቸው ይሠራ ነበር፤ ነገር ግን አንዱ በዓል ደንብ አለው፣ አንዱ የለውም፣ አንዱ ሦስት ስም አለው። በአንድ መስመር ውስጥ አልገጥም አለን።

በመጨረሻ በተራ ጽሑፍ ፋይል ተስማማን፤ ለአንድ በዓል አንድ ትንሽ መዝገብ። የመጀመሪያው እንዲህ ሆነ፦

መለያ፦ 0041
ሙሉ ስም፦ በዓለ ልደት
አጭር ስም፦ ገና
ዓይነት፦ ቋሚ
ደንብ፦ ታኅሣሥ 29፤ ዘመነ ዮሐንስ ከሆነ ታኅሣሥ 28
ሥራ ዝግ፦ አዎ
ያረጋገጠ፦

ይህችን ስድስትና ሰባት መስመር ለመጻፍ ግማሽ ቀን ፈጀብን። «ደንብ» የሚለው መስመር ላይ ነው ሁሉም ነገር ያለው። እስከ ዛሬ ገናን ቀን አድርገን ነበር የምንይዘው፤ ገና ግን ደንብ ነው። ቀኑ ከደንቡ የሚወጣ ውጤት ነው። በየዓመቱ ውጤቱን እየቀዳን ደንቡን ባለመጻፋችን ነው 2016 ላይ የወደቅነው።

ከዚያ ሌሎቹን ስንመድብ ሁሉም በአራት ዓይነት ተጠቃለሉ። ቋሚ አለ፦ አድዋ የካቲት 23፣ ጥምቀት ጥር 11። ወርኃዊ አለ፦ በ12 ሚካኤል፣ በ19 ገብርኤል፣ በ21 ማርያም፣ በ27 መድኃኔ ዓለም፤ እነዚህን አንድ ጊዜ ጽፈን አሥራ ሁለት ወር ይመላለሳሉ፤ ኅዳር 12 እና ታኅሣሥ 19ን የመሰሉት ዓመታዊዎቹ ደግሞ የራሳቸው መዝገብ አላቸው። ተንቀሳቃሽ አለ፦ ከነነዌ እስከ ጾመ ድኅነት፣ በባሕረ ሐሳብ፣ ማለትም በቤተ ክርስቲያን የዘመን ስሌት፣ የሚወጡት። አራተኛው የሚጠበቅ ነው፦ ዒድ አል ፈጥር፣ አረፋና መውሊድ። እነዚህ በጨረቃ ስለሆኑ በስሌት የሚገመት ቀን እንጽፍላቸዋለን፤ ከጎኑ ግን «በጨረቃ መታየት ይወሰናል» የሚለው ቃል የመዝገቡ አካል ሆኖ አብሮ ይሄዳል። እስከ አምና ድረስ ይህ ቃል በግድግዳው ላይ ነበር፣ በኪሱ ላይ ቦታ ጠቦ ተቆርጦ ነበር። ከእንግዲህ ቢያንስ ኮከብ ምልክት ሳይዝ ከመዝገብ አይወጣም።

ሐሙስ፣ ታኅሣሥ 2

የኪስ ካላንደሩ ክፍል። አንዷ የቀን ሳጥን ስፋቷ 9 ሚሊ ሜትር ነው። ሙሉ ስም አይገባባትም፤ ስለዚህ አጭር ስም ያስፈልጋል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ፦ ይዘትን አንድ ቦታ ጽፎ ብዙ ቦታ መጠቀም ማለት አንዱን ዓረፍተ ነገር ሁሉም ቦታ መለጠፍ አይደለም። አጀንዳው ሙሉውን ይፈልጋል፣ ኪሱ አጭሩን፣ ቴሌግራሙ ደግሞ ሰላምታ ያለበትን። ሦስቱም ቃል እዚያው አንድ መዝገብ ውስጥ ጎን ለጎን ከተቀመጠ አንዱ ሲታረም ሌላውም ዓይን ውስጥ ይገባል።

ከባዱ ጥያቄ አንድ ቀን ላይ ሁለትና ሦስት ነገር ሲገጥም ነው። በ2019 ትንሣኤ ሚያዝያ 24 ይውላል። ዋዜማው ሚያዝያ 23 ቀዳም ሥዑር ነው። ሚያዝያ 23 የቅዱስ ጊዮርጊስ ዓመታዊ በዓል ነው። ሚያዝያ 23 ሜይ 1 ስለሆነ የሠራተኞች ቀንም ነው። ሦስቱ በአንዲት የ9 ሚሊ ሜትር ሳጥን! ዲዛይነራችን፣ «እኔ እንዴት ልምረጥ? ይሄ የገጽ ቅንብር ጥያቄ አይደለም» አለች። ትክክል ናት። «ቅድሚያ» የሚል መስመር ጨመርን፤ ቁጥሩን ማን እንደሚሞላው ግን ገና አልወሰንም። ካላንደራችንን የሚያርሙልንን የኔታን መጠየቅ አለብኝ።

ሐሙስ፣ ታኅሣሥ 9

የኔታ ከቅዳሴ በኋላ ወደ ቢሮ መጡ። ካላንደራችንን ሲያርሙልን አሥር ዓመት አልፏቸዋል። ደረጃውን ቀስ ብለው ወጥተው፣ ነጠላቸውን አስተካክለው ተቀመጡና «እስኪ ማሽኑ ከመናገሩ በፊት እኛ እናውጣው» አሉኝ። እኔ ወረቀት ያዝኩ፣ እሳቸው በቃላቸው።

5500 ዓመተ ፍዳ ላይ 2019 ዓመተ ምሕረት ሲደመር 7519 ዓመተ ዓለም። ለ19 ሲካፈል 14 ይተርፋል፤ አንዱ ለዘመኑ ሲተው ወንበር 13። ወንበርን በ11 ሲያበዙት 143፤ በ30 ሲገድፉት አበቅቴ 23። አበቅቴና መጥቅዕ አብረው 30 ስለሚሞሉ መጥቅዕ 7። መጥቅዕ ከ14 በላይ ከሆነ በመስከረም፣ ከ14 በታች ከሆነ በጥቅምት ይውላል፤ 7 ነውና ጥቅምት 7። የ2019 ጥቅምት 7 ቅዳሜ ነው፤ የቅዳሜ ተውሳክ (ለየዕለቱ የተመደበው ተደማሪ ቁጥር) 8። ሰባትና ስምንት 15፤ መባጃ ሐመር 15። መጥቅዕ በጥቅምት ስለዋለ ነነዌ የካቲት 15። ከዚያ 14 ቀን ቆጥሮ ዐቢይ ጾም የካቲት 29፤ 69 ቀን ቆጥሮ ትንሣኤ ሚያዝያ 24።

ከዚያ ይህንኑ ስሌት እንዲሠራ የጻፍኩትን ፕሮግራም አስኬድኩት። ያው ወጣ። የኔታ ስክሪኑን በመነጽራቸው ላይ አሻግረው አዩና ዝም አሉ።

የሚያዝያ 23ን ጉዳይ ጠየቅኳቸው። «ቀዳም ሥዑር ይቀድማል፤ ጊዮርጊስ ይከተላል፤ ሥራ ዝግ መሆኑን በቀለም ንገር» አሉ። ዲዛይነራችን ወዲያው ቀዩን ቁጥር አሳየቻቸው። የሠራተኞች ቀን ስም በሳጥኑ ግርጌ በኮከብ ይወርዳል። «ቅድሚያ» የሚለውን መስመር እንግዲህ የኔታ ይሞሉታል፤ እኔም ዲዛይነራችንም አንነካውም።

ሰኞ፣ ታኅሣሥ 13

ዛሬ የተማርኩትን በዝርዝር ልጻፈው፤ ከሁሉም ይበልጣልና።

ፕሮግራሙን ለመፈተን ያለፉትን ሃያ ዓመታት ትንሣኤ አስወጣሁና ከድሮ ካላንደሮቻችንና ከእጅ ማስታወሻዎች ጋር አስተያየሁት። ሁሉም ገጠመ። በአጀንዳው የመጀመሪያ ገጽ ላይ የምናትመውን የወንበር፣ የአበቅቴና የመጥቅዕ ሠንጠረዥም ከዚያው አውጥቼ ለየኔታ ላክሁ፤ ትንሣኤው ከገጠመ ሌላው ለሥርዓቱ ያህል ነው ብዬ ነበር። ከሰዓት በኋላ ደወሉ። «ልጄ፣ የ2005 መጥቅዕ ስንት ይላል?» «11 ይላል፣ የኔታ።» «12 ነው።»

«ትንሣኤው ግን ልክ ነው፤ ሚያዝያ 27» አልኩ። «ትንሣኤው ልክ ነው። መጥቅዑ ልክ አይደለም።»

ቁጭ ብዬ አየሁት። 5500 እና 2005 ሲደመር 7505 ነው፤ ለ19 ሲካፈል ምንም ሳይተርፍ 395 ይደርሳል። ምንም ካልተረፈ ወንበሩ 18 ነው። እኔ ግን ዜሮ ላይ አንድ ስቀንስ ፕሮግራሙ ከዜሮ በታች አንድ አድርጎት፣ በዚያው ቀጥሎ አበቅቴን 19፣ መጥቅዕን 11 አወጣ። ታዲያ ትንሣኤው እንዴት ልክ ሆነ? የ2005 ጥቅምት 11 እሑድ ነው፣ ተውሳኩ 7፤ ድምሩ 18። ትክክለኛው ጥቅምት 12 ሰኞ ነው፣ ተውሳኩ 6፤ ድምሩ ያው 18። ተውሳክ ቀኑ ሲጨምር እሱ ስለሚቀንስ ስህተቱን ዋጠው።

ሁልጊዜ ግን አይውጠውም። የዓርብ ተውሳክ 2 ነው፣ የቅዳሜ 8። መጥቅዕ ከዓርብ ወደ ቅዳሜ በሚሻገርበት ዓመት ስህተቱ ይገለጣል። ወደፊት ሄጄ ፈለግሁ። ያለ ትርፍ የሚካፈለው የሚቀጥለው ዓመት 2024 ነው፤ እዚያም ትንሣኤው ይገጥማል፣ ስህተቱ ይደበቃል። ከዚያ የሚቀጥለው 2043 ነው። የ2043 ጥቅምት 12 ቅዳሜ ነው። ትክክለኛው ትንሣኤ ሚያዝያ 29 ሲሆን የእኔ ፕሮግራም ሚያዝያ 22 ይል ነበር። ፋሲካ አንድ ሳምንት ቀድሞ! ያን ጊዜ እኔ እዚህ ቢሮ እኖር አልኖር አላውቅም፤ ፋይሉን የሚከፍተው ሰው ግን ሠላሳ ስምንት ዓመት ሙሉ ሲገጥም የኖረ ነገር ነው ብሎ ያምነዋል።

አስተካከልኩት። ከእንግዲህ ፈተናው የሚያየው ትንሣኤን ብቻ አይደለም፤ ወንበር፣ አበቅቴ፣ መጥቅዕና መባጃ ሐመር እያንዳንዳቸው ይመረመራሉ። ሁለት አጥርም አቆምኩለት፦ ነነዌ ከጥር 17 በፊትና ከየካቲት 21 በኋላ ከወጣ፣ ትንሣኤም ከመጋቢት 26 በፊትና ከሚያዝያ 30 በኋላ ከወጣ ሥራው ይቁም። ለየኔታ መልሼ ደውዬ የ2043ን ነገር ነገርኳቸው። «ለዚህ ነው መንገዱን የምናስተምረው» አሉኝ።

ሰኞ፣ ታኅሣሥ 20

አጫጭር ነገሮች። ተረትና ምሳሌዎቹ መዝገብ ገብተዋል። ለእያንዳንዱ የታተመበት ዓመትና የሚስማማው ወር ተጽፏል፤ አንዱን ተረት በሦስት ተከታታይ ዓመት ለአንድ ደንበኛ ማተማችን የታወቀው ይህን ስንሞላ ነው። ፎቶዎቹ ላይ ፈቃዱ ለአንድ እትም ብቻ ነው ወይስ ለሁልጊዜ የሚል መስመር ጨምረናል፤ ባዶ ከሆነ ፎቶው ለገጽ ቅንብሩ አይወጣም። ለባለ ፎቶዎቹ መደወል የዲዛይነራችን ድርሻ ሆኗል፤ ግማሾቹን አግኝታለች።

የግዕዝ ቁጥር በእጅ መጻፍ ቀርቷል። ዜሮ ስለሌለው ከቀኝ ጀምሮ ሁለት ሁለት ቤት እየተያዘ ይሄዳል፦ 2019 ማለት ሃያ መቶና አሥራ ዘጠኝ፣ ፳፻፲፱። ዓመተ ዓለሙ 7519 ደግሞ ፸፭፻፲፱።

ሰኞ፣ ጥር 4

ገጽ ቅንብሩ ተገናኘ። ከመዝገቡ ኤክስኤምኤል ይወጣል፤ የኢንዲዛይን ፋይሉ ያንን ስቦ በየሳጥኑ ያስገባዋል። ዲዛይነራችን አሁን የምትሠራው መልኩን ነው፤ ቀለሙን፣ ፎንቱን፣ ክፍተቱን። ቁጥርና ስም አትተይብም። ከሰዓት በኋላ ሆን ብለን አንድ በዓል መዝገቡ ላይ ስሙን ቀየርንና አራቱንም አስወጣን። አራቱም ላይ ተቀየረ። የድርጅታችን ባለቤት እትዬ ከበሩ ላይ ቆመው አዩን፤ «የ2016ቱን ስቲከር አስታወሳችሁኝ» ብለው ገቡ።

የስልኩ ላይ ግን ያላሰብነው ነገር ገጠመን። ለስልክ ካላንደር የሚሆን ፋይል ስናዘጋጅ ጥምቀትን «በየዓመቱ ጃንዩወሪ 19 ይደገም» ብለን ነበር። ጳጉሜን 6 ከሆነች በኋላ ግን ጥር 11 ጃንዩወሪ 20 ላይ ነው የሚውለው፤ 2020 ላይ እንደዚያ ይሆናል። ገና ደግሞ ተቃራኒው ነው፦ በእኛ አቆጣጠር ከ29 ወደ 28 ይመጣል፣ በፈረንጁ ጃንዩወሪ 7 እንዳለ ይቆያል። የካቲት 23 ላይ ፈረንጆቹም ፌብሩወሪ 29ን ስለሚያስገቡ ሁለቱ ተመልሰው ይገጥማሉ፤ አድዋ ማርች 2 ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ የስልኩ ፋይል «ይደገም» የሚል ትእዛዝ አይኖረውም። እያንዳንዱ ዓመት ከደንቡ ለየብቻው ይወጣል።

ረቡዕ፣ ጥር 13

ከጥምቀት በኋላ ሥራ የገባነው ዛሬ ነው። የ2019 የግድግዳው ፕሩፍ ከማተሚያ ቤት መጣ። ሚያዝያን መጀመሪያ አየሁ፤ 23 ላይ ቀዳም ሥዑር፣ ጊዮርጊስ፣ ቀይ ቁጥር፣ ኮከብ። ደቃቁ ፊደል ላይ የ«ሥ» እግር ትንሽ ተጣብቋል፤ ለኪሱ ሌላ ፎንት መሞከር አለብን። አራሚያችን እንደ ልማዱ እርማቱን ፕሩፉ ላይ በቀይ ጻፈና ወደ ዲዛይነራችን ሊወስድ ተነሣ። አስቆምነው። ከእንግዲህ እርማት ወደ መዝገቡ ነው የሚሄደው። ለሃያ ዓመት የለመደውን እጅ መመለስ ቀላል አይደለም፤ ሆኖም አብሮኝ ተቀምጦ ሁለቱን እርማቶች ራሱ አስገባ፣ ከዚያም አራቱንም በድጋሚ አስወጥቶ አየ። በተለይ የጠረጴዛውን ደጋግሞ አየው።

ሰኞ፣ ጥር 25

ዛሬ ጾመ ነነዌ ገባ። ጠዋት 12 ሰዓት ላይ የወጣው የቴሌግራም መልእክት ሰው ያልተየበው የመጀመሪያው ተንቀሳቃሽ ቀን ነው፤ የ2018ን ዓመት ከአዲሱ መዝገብ አስወጥተን የላክነው። ከመውጣቱ በፊት በወረቀት አረጋገጥኩት፦ ወንበር 12፣ አበቅቴ 12፣ መጥቅዕ 18፣ መስከረም 18 እሑድ፣ ተውሳክ 7፣ መባጃ ሐመር 25።

የኔታ በጾሙም ቢሆን ከሰዓት በኋላ መጡ። የ2019ን ተንቀሳቃሽ ቀኖች አንድ በአንድ በጣታቸው እየነኩ ወረዱ፤ ነነዌ፣ ዐቢይ ጾም፣ ደብረ ዘይት፣ ሆሣዕና፣ ስቅለት፣ ትንሣኤ፣ ርክበ ካህናት፣ ዕርገት፣ ጰራቅሊጦስ፣ ጾመ ሐዋርያት፣ ጾመ ድኅነት። ሲጨርሱ ወረቀቱ ጥግ ላይ ፈረሙ። በየመዝገቡ «ያረጋገጠ» የሚለው መስመር ላይ ስማቸውንና የዛሬን ቀን አስገባሁ።

ነገ የጠረጴዛው ፕሩፍ ይወጣል። ሦስት መዝገቦች «ያረጋገጠ» የሚለው መስመራቸው ባዶ ነው፤ ሦስቱም ጨረቃን ይጠብቃሉ።